በተከታይ ብዛት ስለሚመዘን ወሬ

አንባቢ ሆይ፤ በ2012 ዓ.ም. ስለ ወጣው ስለ አዋጅ ቁጥር 1185 ይህን ትችት መጻፌ፣ ራሴን ከበደል ንጹሕ አድርጌ ቆጥሬ በሌላው ላይ ለመፍረድ እንዳይመስልህ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን ይህን አዋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበብሁት፣ እኔ ራሴ በአንዲት ጎረቤቴ ላይ የፈጸምሁት በደል በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስጠይቀኝ ለማወቅ ፈልጌ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተማሪ ድርሰት በቀይ እርሳስ ሳርም የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ በማነበው ጽሑፍ ሁሉ የጎደለውን መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። በዚህ አዋጅ ውስጥ ግን የጎደለው አንድ ቃል ወይም አንድ ነጠላ ሰረዝ አይደለም፤ የጎደለው ተበዳዩ ነው።

በመጀመሪያ በደሌን ልናገር። በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በእኔ ምክንያት ከሚገባው በላይ ዞሯል። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ፎቶግራፍ ከጽሑፍ ጋራ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሴትዮዋ ከወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ከጎኑ ደግሞ ቀይ ዱቄት የተሞሉ ጆንያዎች የተደረደሩበት ሌላ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ጽሑፉም፣ ይህች ሴት በርበሬ ውስጥ የጡብ ብናኝ ስትቀላቅል ተያዘች ይላል። በርበሬን ከባዕድ ነገር ጋራ የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች መያዛቸውን ከዚያ በፊት በዜና ሰምቼ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነም። ጆንያዎቹ የሌላ ከተማ፣ ጉዳዩም የሌላ ሰው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔም አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላስብ 112 ሰዎች ላሉበት ለዕድራችን ግሩፕ አስተላለፍሁት። ከበታቹም በገዛ እጄ አንዲት ቃል ጻፍሁበት፤ «ተጠንቀቁ» የምትል። ይህቺ ቃል ትንሽ ትምሰል እንጂ ከፎቶግራፉ ይልቅ የጎዳችው እርስዋ ናት። ምክንያቱም የሰፈሩ ሰው ያንን ወሬ ከማያውቀው ሰው ቢያገኘው ምናልባት ይጠራጠረው ነበር፤ ነገር ግን «መምህሩ ናቸው የላኩት» ሲባል ወሬው ማስረጃ ሆነ። ልጆቻቸውን ያስተማርሁላቸው ሰዎች ናቸውና እኔ የማላጣራውን ነገር እልካለሁ ብለው አላሰቡም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ጠፋ።

ሴትዮዋ አንድ ቀን ማለዳ ከቤቴ መጡ። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ቡናም ተፈልቶ ነበር፣ አልተቀመጡም።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት የላኩት አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኋቸው።

«ከእኔ ደጅ እስከ እርስዎ ደጅ ስንት እርምጃ ነው? መጥተው ለምን አልጠየቁኝም?»

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜም መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቤታችን የሚራራቀው ከሁለት መቶ እርምጃ በማይበልጥ ነው።

«ልከስዎ አልመጣሁም» አሉኝ ቀጥለው። «ክስ ቢኖርስ በምን ጉልበቴ ነው የምመላለሰው? እነዚያኑ የነገሯቸውን ሰዎች መልሰው ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

በዚያኑ ሳምንት ማስተካከያ ጻፍሁ። ነገር ግን ጊዜው የካቲት 2015 መጀመሪያ ነበረና፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው አለመግባባት ምክንያት ቴሌግራምም፣ ፌስቡክም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብም በአገራችን ተዘጉ። እስከ ሐምሌም ድረስ አምስት ወር ያህል እንደ ተዘጉ ቆዩ። ቪፒኤን በሚሉት ማሳለጫ መክፈት የሚያውቁት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ በርበሬ የሚገዙት ደግሞ እናቶቻቸው ናቸው። ማስተካከያዬን ስንት ሰው እንዳየው ስመለከት 19 ይላል። ሐሰቱ መንገዱ ክፍት ሳለ አልፎ ሄደ፤ እውነቱ ሲነሣ በሩ ተዘጋበት። ስለዚህ በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ከዳኛው ፈቃድ ጠይቄ ቆምሁና፣ ያላጣራሁትን ነገር እንዳሠራጨሁ፣ ሴትዮዋም ንጹሕ መሆናቸውን ተናገርሁ። አንዳንዱ አዘነልኝ። አንዳንዱ ግን «ነገር ባይኖርማ አይወራም ነበር» እያለ ወጣ። ከስብሰባው የቀሩትን ሰዎች ደግሞ በየቤታቸው ዞርሁ፤ ይህም ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እነዚያ በየራሳቸው ለሌላ ለሌላ ሰው ያስተላለፉትን ግን በምን እግሬ ልከተለው?

እንግዲህ አዋጁን የከፈትሁት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣውን ነው። የእኔ በደል ከዚህ አይገባም። ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ደግሞ፣ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሠራጨውን፣ ሁከትን ወይም ግጭትን የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለውን ንግግር ነው። «ማወቅ ሲገባው» የሚለውን አነጋገር ሳነብ፣ ሕጉን የጻፈው ሰው በቤቴ መስኮት አሻግሮ ያየኝ ያህል ተሰማኝ። ይህ እጅግ መልካም አነጋገር ነው። ዋሽቶ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ሰንፎ የሚያስተላልፈውንም ይይዛል፤ በአገራችን የወሬ ጉዳት የሚበዛው ደግሞ ከውሸታሙ ይልቅ በሰነፉ እጅ ነው።

ነገር ግን ይህ መልካም አነጋገር ወዲያው በሚከተለው ይሻራል። ሁከት ማስነሣት አለበት ተባለ። የአንዲት ሴት ወፍጮ ቤት ቢዘጋ አደባባይ የሚወጣ ሰው የለም፤ ድንጋይ የሚወረውር፣ ጎማ የሚያቃጥልም የለም። እንደዚህ ከሆነ ስለ እርሱ ሊታወክለት የሚችል ወገን የሌለው ሰው፣ ስሙ ቢጠፋም በዚህ አዋጅ ዘንድ እንደ ጠፋ አይቆጠርም ማለት ነው። መንግሥት ጸጥታን ለመጠበቅ መጨነቁን አልነቅፍም። በየጊዜው ያየነው ደም እንዲጨነቅ ያስገድደዋል። እኔ የምለው፣ ሐሰትን የሕዝብ ጸጥታ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሕግ የተበደለውን ሰው ከፊቱ አጥቶታል ነው።

ለነገሩ ሌላ ሕግ ቢፈለግ እስር ቤት የሚያስገባኝ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ በኮምፒዩተር አማካይነት የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያሠራጨውን ሰው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ካቀረበ እስከ ሦስት ዓመት በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ደግሞ የጋዜጠኛውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ አድርጎታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው፣ መጻፍ ሥራው የሆነውና ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው በካሣ ሲወጣ፣ በጡረታው ስልክ መነካካት የጀመረው ሽማግሌ ሦስት ዓመት ያሰጋዋል። ጋዜጠኛው ይታሰር ማለቴ አይደለም። ለአንዱ የታየው ርኅራኄ ለሌላው እንዴት ተረሳ ነው የምለው። ሴትዮዋስ እኔ ብታሰር ምን ይጠቀማሉ? እስር ቤት ስንቅ የሚያቀብለኝ ዘመድ በርበሬውን ከእርሳቸው ቢገዛ ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አሮጌው ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲጻፍ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ ባደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛም ይከለክላል፤ ለሹመኛው፣ ለዝነኛው ሰውና ለመሳሰለው የተፈቀደውን ለይቶ ካወጣ በኋላ ማለቴ ነው። በቁጥር 2044 ደግሞ በንግግር ወይም በጽሑፍ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ ሌላውን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ እምነቱንና ስሙን ወይም የወደፊት ኑሮውን የሚያሰናክል ሥራ የሠራ ሰው አጥፊ ነው ይላል። ለመጉዳት ማሰቡም አስፈላጊ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ የሴትዮዋ ነገር ከነፎቶግራፉ፣ ከነደንበኞቻቸው፣ ከነወፍጮ ቤታቸው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ ተጽፎ አላገኘኸውምን? ያ ሕግ የሚጀምረው ከተናጋሪው አይደለም፤ በተነገረበት ሰው ላይ ምን ደረሰ ብሎ ነው። «በሌላ በማናቸውም መንገድ» የምትለው አነጋገርም ቴሌግራም ሳይፈጠር ቴሌግራምን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

እርሱም ቢሆን እንከን አለበት። የጠፋውን ገበያ በማስረጃ አስልቶ ማስከፈል ይቻላል፤ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ሰው የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በርበሬ ቢገዙበት ዘንቢል አይሞላም። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ለመጻፍ የተቀመጡት ሊቃውንት ይህችን አንዲት ቁጥር ቢያድሱ ኖሮ፣ ለብዙ ሰው ከአዲሱ አዋጅ ይልቅ በጠቀሙ ነበር።

የሕግ ባለሙያ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ብነግረው፣ «ጋሼ፣ የሰፈር ወሬን ሁሉ ሕግ ይከታተል ቢባል ፍርድ ቤት ሌላ ሥራ ሊሠራ ነው?» አለኝ። «ስለዚህ ነው ሕጉ ትልልቆቹን የለየው። አምስት ሺህ ተከታይ ያለውና እርስዎ እኩል አትጠየቁም።»

እውነቱን ነው፤ አዋጁ እንደዚህ ያለ ሚዛን አለው። ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሲሆንበት፣ ያሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ወይም በጋዜጣና በብሮድካስት እንደ ሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ቆሞ የሚጮህ ሰው ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ይሰማል። ነገር ግን በዚህ መሣሪያ ላይ ወሬ የሚጓዘው እንደ ጩኸት ከአንድ ቦታ ወደ ሁሉ አይደለም፤ እንደ ሰደድ እሳት ከሣር ወደ ሣር ነው። የእኔ ገጽ ተከታይ የሚባል የለውም። ከ112ቱ ሰዎች መካከል ግን አንዷ ወደ ሥራ ባልደረቦችዋ፣ አንዱ ወደ ሌላ ዕድር፣ ሌላው በውጭ አገር ወዳሉት ዘመዶቹ ላኩት፤ የትኛቸውም 5,000 ተከታይ የላቸውም። እንዲያውም በፌስቡክ የአንድ ሰው ጓደኛ ብዛት ጣሪያው 5,000 ስለ ሆነ፣ ተራ ሰው በጓደኞቹ ብዛት ብቻ የሕጉን ድንበር ሊያልፍ አይችልም። ወሬውን የሚያደርሱት እኛ ትንንሾቹ ነን፤ ሚዛኑ የተሠራው ግን ለትልልቆቹ ነው።

ይህን ስጽፍ በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በክፍላችን አንድ እግሩን የሚያነክስ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን በእርሱ ላይ የተገጠመ ስድብ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ስዊድናዊቷ መምህራችን ያዙት። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «ማን ጻፈው?» ብለው አልነበረም፤ «በማን በማን እጅ አለፈ?» አሉ። ማንም አልተናገረም። የምሳ ደወል ተደወለ፤ እርሳቸውም መጽሐፋቸውን ከፍተው ዝም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ አንድ አንድ እያልን አሥራ አንዳችን ተነሣን። እያንዳንዳችንም ከዚያ ልጅ ፊት እየቆምን፣ ወረቀቱን ከማን እንደ ተቀበልን፣ ምን እንዳነበብን፣ ካነበብንም በኋላ ምን እንዳደረግን እንድንነግረው አዘዙን። እኔ ሰባተኛ ነበርሁ። «አንብቤ ሳቅሁና ለአጠገቤ ሰጠሁት» አልሁት። ልጁ ወደ መሬት ይመለከት ነበር። ግጥሙን የጻፈው ልጅ ተቀጥቷል፤ ቅጣቱ ምን እንደ ነበረ ግን ረስቼዋለሁ። የራሴን ድምፅ አልረሳሁትም።

ተማሪዬ ይህንንም ሰምቶ ሳቀና፣ «ያ እኮ አርባ ልጅ ያለበት ክፍል ነው፤ ሚሊዮን ሰው በማን በማን እጅ አለፈ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?» አለ። እኔ ግን እላለሁ፤ የዛሬው ክፍል ከዚያኛው ይልቅ ለመጠየቅ ይመቻል። ወረቀት በማን እጅ እንዳለፈ አይጻፍበትም፤ የፌስቡክ መሣሪያ ግን ማን እንዳየ፣ ማን እንደ ወደደ፣ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አንድ ሳይቀር መዝግቦ ይይዛል። ይህም ምኞት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና በሽታ ዓለምን በያዘ ጊዜ፣ ፌስቡክ ስለ በሽታው በተነዛ ጎጂ ሐሰት ላይ ላይክ ያደረጉትን፣ አስተያየት የሰጡትን ወይም ሌላ ተሳትፎ ያሳዩትን ሰዎች ለይቶ ወደ ትክክለኛው መረጃ የሚመራ መልእክት እንደሚያሳያቸው አስታውቋል። እንግዲህ ማስተካከያው ሐሰቱ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ሴትዮዋ ከደጄ ቆመው የለመኑኝ ከዚህ ሌላ ነገር ነበርን? አዋጁ ግን ይህን ከማንም አይጠይቅም፤ ከእኔም ከድርጅቶቹም።

ለድርጅቶቹ የጻፈውማ ልምምጥ ይመስላል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመግታት እንዲጥሩ፣ ጥቆማ ሲደርሳቸውም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይላል፤ ባያነሡ ምን እንደሚደርስባቸው ግን አይናገርም። ለእኔ ለተራው ሰው ቀኑንና ብሩን ቆጥሮ የጻፈ ብዕር፣ ባለጸጋው ዘንድ ሲደርስ ቀለም አለቀበት። ደግሞም «ማሠራጨት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ላይክና ታግ ማድረግ ማሠራጨት እንዳይባል ለይቶ አውጥቶታል። ይህን ያደረገው ለሰው አዝኖ ነው፤ አንዲት ጣት ስለ ነካች ሰው አይታሰር ብሎ። በዚህ አልቃወመውም። ነገር ግን መሣሪያው ላይክን እንደዚያ አያየውም። አልጎሪዝም የሚሉት ስሌት ላይኩን ይቆጥራል፣ የቁጣውን አስተያየት ይቆጥራል፣ ብዙ የተቆጠረለትንም ወደ ፊት እያወጣ ላላዩት ያሳያል። ስለዚህ ሰው አላሠራጨሁም ሲል መሣሪያው በእርሱ ስም ያሠራጭለታል። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ ይህ ዓይነቱ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጎሣ ጠብን እንደሚያራግብ የአገራችንን ስም ጠርታ ተናግራለች። እኛ በሕጋችን ሰውየውንም ጣቱንም ስንመዝን፣ የሚያራግበውን ወናፍ አልመዘንነውም። ወናፉም ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ታይቷል፤ ዋትስአፕ በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይላክ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ብዙ የተዘዋወረው መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ እንዲላክ ቢያደርግ፣ የእንደዚህ ያለው መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን ራሱ ተናግሯል።

የሕጉ ጉድለት በበርበሬ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ፕሮፌሰር ፎቶግራፋቸው፣ ስማቸው፣ የሥራ ቦታቸውና ሰፈራቸው ጭምር ከሐሰት ክስ ጋራ በፌስቡክ ላይ ወጣ። ትግሬ መሆናቸው ነበር ጥፋታቸው። በጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጅ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በክሱ እንዳለው፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለድርጅቱ ደጋግሞ አመልክቷል፤ መልስ የመጣው አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አዋጅ 1185 ከወጣ ዓመት ተኩል አልፎት ነበር፤ 24 ሰዓት የምትለውም ቃል በውስጡ ተጽፋ ነበር። ልጁ ግን ዳኛ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ ነው የሄደው፤ በዚያ ዘመን የአፍሪካን ጽሑፍ የሚመረምሩት ሠራተኞች በዚያ ስለ ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋራ ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ከጠየቁትም አንዱ ለተጎጂዎች የ200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ መቋቋሚያ እንዲቆም ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ከገንዘቡ ሌላ ልጁ ድርጅቱ ይቅርታ እንዲጠይቀው መፈለጉን ሳነብ፣ ቡናዬን ሳይቀምሱ ከደጄ የተመለሱት ጎረቤቴ ታወሱኝ። የአንዱ ሐዘን ከሌላው ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ የሚጠይቁት ነገር ግን ይመሳሰላል። ሁለቱም በሕጋችን ውስጥ የሚፈልጉትን አላገኙም።

አዋጁን በጭፍን እንዳልነቀፍሁ እንዲታወቅልኝ፣ ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት መንገድ መተዉን፣ ሁከትም ካልደረሰ በእስራት ፈንታ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራ ዳኛው ማዘዝ እንዲችል ማድረጉን አመሰግናለሁ። እንዲያውም ከአዋጁ ሁሉ ለእኔ በደል የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነበር። አንድ ዳኛ በየቤቱ እየዞርህ ያወራኸውን አስተካክል ብሎ ቢፈርድብኝ፣ ፍርዱን አመስግኜ በተቀበልሁት ነበር፤ ሳልታዘዝ ያደረግሁትም እርሱኑ ነው።

ሴትዮዋ ወፍጮ ቤቱን በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ መልሰው ከፍተዋል። በርበሬ የምገዛው ከእርሳቸው ነው። ዱቄቱን ከፊቴ በነጭ ወረቀት ላይ አፍስሰው፣ በጣታቸው ገልጠው ካሳዩኝ በኋላ ነው የሚመዝኑት፤ አያስፈልግም ብላቸውም አይተዉም። ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ባለፈው ዓመት በዋሽንግተን የሚኖር የእኅቴ ልጅ፣ ከአገር ቤት በርበሬ የሚልኩላቸው ሰዎች እንዲጠነቀቁ ብሎ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ አንድ ፎቶግራፍ ላከ። ሴትዮዋ ከደጃቸው ቆመዋል፤ ጆንያዎቹም ከጎናቸው አሉ። ከተማው ተለውጧል፤ የሴትዮዋም ስም ሌላ ተደርጓል። ከበታቹ ግን «ተጠንቀቁ» የምትለው ቃል እኔ እንደ ጻፍኋት አለች።